ቁመት ገቺው መድኃኒት፦ ከሩዝ ማሳ እስከ ቀዩ የገና ተክል

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች የወይና ደጋ ከተሞች በግቢ አጥር ዳር ተተክሎ ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ የሚያሳልፍ፣ ከኅዳር ጀምሮ ግን ጫፉ እንደ በርበሬ የሚቀላ ቁጥቋጦ አለ። ቅርንጫፉ ሲሰበር እንደ ቁልቋልና እንደ ቅንጭብ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ሦስቱም የአንድ ወገን ተክሎች ናቸውና። ካልተገረዘ ከቤት ጣሪያ ክፈፍ ይደርሳል። አበባ ነጋዴዎች ፖይንሴቲያ ይሉታል።

ይህንኑ ተክል በአውሮፓና በአሜሪካ በገና ሰሞን ያየ ሰው ግን ሌላ ተክል ሊመስለው ይችላል። እዚያ ለገበያ የሚቀርበው በትንሽ የአበባ ዕቃ የተተከለ፣ አንድ ክንድ የማይሞላ፣ ከጎኑ ካለው ጋር በቁመት እኩል የሆነ ነው። የዝርያ ልዩነት መኖሩ እርግጥ ነው። ሆኖም ከዝርያው ባልተናነሰ ቁመቱን የወሰነው የአምራቹ እጅ ሲሆን፣ ከአምራቹ መሣሪያዎች አንዱ የተክልን ዕድገት የሚገታ ኬሚካል ነው። ነገሩ የአበባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበሬ ያን ያህል ባላሳሰበ ነበር። ይሁንና ተክልን የሚያስረዝመው ነገር መጀመሪያ የታወቀው በሩዝ ገበሬ ማሳ ነው፤ የሚያሳጥረው ደግሞ ከአበባ ቤት አልፎ ስንዴውንም ፖሙንም ነክቷል፤ በአንድ ወቅትም መድኃኒቱን ነክተውት የማያውቁ ገበሬዎችን አክስሯል።

ከሜክሲኮ እስከ ካሊፎርኒያ

የፖይንሴቲያ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። አዝቴኮች ኩዌትላሾቺትል ብለው ይጠሩት የነበረ ሲሆን ከቀዩ ቅጠል ማቅለሚያ ያወጡ ነበር። አበባ መስሎ የሚታየው ቀዩ ክፍል ቅጠል ነው፤ እውነተኛዎቹ አበቦች መሃል ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ቢጫ ነገሮች ናቸው። የዛሬውን የንግድ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1829 በሜክሲኮ የመጀመሪያው የአሜሪካ መልእክተኛ ከነበሩት ከጆኤል ሮበርትስ ፖይንሴት ነው። እኚህ ሰው ተክሉን ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደቡብ ካሮላይና ልከውታል።

ወደ ትልቅ ንግድ የለወጠው ከጀርመን ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደደው የኤኪ ቤተሰብ ነው። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1923 ኤንሲኒታስ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሰፍሮ ተክሉን በሜዳ ላይ ያለማ፣ እናት ተክሎቹንም እየነቀለ በባቡር ለአበባ አምራቾች ይልክ ነበር። በ1960ዎቹ አሠራሩ ተለወጠ። እናት ተክሎቹ ግሪን ሃውስ ገቡ፤ የሚላከውም ለተከላ የተቆረጠ ለጋ ጫፍ ሆነና በአውሮፕላን መጓጓዝ ጀመረ።

በዚያ ጊዜ የአምራቹ ራስ ምታት ቁመት ነበር። የቀድሞዎቹ ዝርያዎች ቅርንጫፍ የማያበዙ፣ አንድ ግንድ ይዘው ወደ ላይ የሚመዘዙ ነበሩ። አምራቹ ሁለት ሦስት ግንድ በአንድ ዕቃ ተክሎ በእንጨት ይደግፋል። እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው ፖል ሚከልሰን የተባለው ዝርያ ቅጠሉን ቶሎ ባለማርገፉ፣ ከዚያም ከኖርዌይ የመጣው አኔት ሄግ ቅርንጫፍ በማብዛቱ ነገሩን አቀለሉት እንጂ አልጨረሱትም። ነጋዴው የሚያዘው በልክ ነውና። የሚጫንበት ካርቶንና የመኪናው መደርደሪያ ከፍታ የተወሰነ ነው። ከልኩ ያለፈው ይሰበራል ወይም አይገባም፤ ያላደገው ደግሞ በዝቅተኛ ዋጋ ይሄዳል። በዚያ ላይ ገና የሚውልበት ቀን አይጠብቅም። በታኅሣሥ ያልተሸጠ ተክል በጥር ዋጋ የለውም።

ግሪን ሃውስ ደግሞ ተክልን ለመመዘዝ የተሠራ ቦታ ይመስላል። ሙቀቱ አይጎድልም፣ ነፋስ አያወዛውዘውም፣ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ዕቃዎቹ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ተጠጋግቶ የበቀለ ተክል ብርሃን ፍለጋ እርስ በርሱ እየተሽቀዳደመ ይረዝማል፣ ግንዱም ይቀጥናል። በዝቶ የተዘራ ጤፍ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሞኙ ችግኝ

ተክል ለምን እንደሚረዝም የታወቀው በበሽታ ምክንያት ነው። በጃፓን የሩዝ ማሳ ውስጥ አንዳንዱ ችግኝ ከጓደኞቹ ተለይቶ በድንገት ይመዘዝና ቀጥኖ፣ ገርጥቶ፣ ብዙውን ጊዜ ፍሬ ሳይሰጥ ይቀራል። ገበሬዎቹ ባካናኤ ይሉታል፤ ሞኙ ችግኝ ማለት ነው። ለጊዜው ከሁሉም በልጦ ይታያል፣ በመጨረሻ ግን ባዶውን ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ1926 ኤይቺ ኩሮሳዋ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪ በወቅቱ በጃፓን ሥር በነበረችው ታይዋን አንድ ሙከራ አደረጉ። በሽታውን የሚያመጣውን ፈንገስ በፈሳሽ ውስጥ አሳደጉት፤ ከዚያም ፈንገሱን አጥልለው አውጥተው ፈሳሹን ብቻ ለጤነኛ ችግኞች ሰጡ። ችግኞቹ እንደ ታመመው ተመዘዙ። የሚያስረዝመው እንግዲህ ፈንገሱ ራሱ ሳይሆን ከፈንገሱ የሚወጣው ነገር መሆኑ ተረጋገጠ። ቴይጂሮ ያቡታ እ.ኤ.አ. በ1935 ይህን ነገር በፈንገሱ ስም ጂበረሊን ብለው ሰየሙት፤ ከሦስት ዓመት በኋላም እርሳቸውና ዩሱኬ ሱሚኪ አጥርተው አወጡት። ሥራው በጃፓንኛ የተጻፈ ስለነበረና ጦርነቱም ስለመጣ ምዕራባውያን ትኩረት የሰጡት በ1950ዎቹ ነው። ያኔ ትልቁ ነገር ተደረሰበት። ጤነኛ ተክልም በራሱ ሰውነት ውስጥ ጂበረሊን ይሠራል። የሚረዝመውም በእርሱ ነው።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጥያቄ ግልጽ ነበር፤ ተክሉ ጂበረሊን እንዳይሠራ ማድረግ ከተቻለ ያጥራል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኤን. ኢ. ቶልበርት ክሎርሜኳት ክሎራይድ የተባለውን ውሕድ ይፋ አደረጉ፤ በገበያ ስሙ ሳይኮሴል ይባላል። በ1962 ዳሚኖዛይድ ተከተለ። የመጀመሪያው የሚሠራው የጂበረሊንን መሠራት በመግታት ነው። ተክሉ ምግብ አይጎድለውም፤ የቅጠሉ ብዛትም ብዙ አይቀንስም። የሚያጥረው በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ግንድ ነው። ቅጠሉ እንዲያውም ይጠቁራል። በአውሮፓ ሳይኮሴል በስንዴ ማሳ ላይ ተረጨ፤ ገበሬው ማዳበሪያ ጨምሮ ሰብሉ ሳይጋሽብበት እንዲያጭድ አስቻለው። የፖይንሴቲያ አምራቾችም ወዲያው ያዙት።

ጥቅሙን እንጂ ጠባዩን ለማወቅ ግን ዓመታት ፈጅቷል። ሳይኮሴል በፖይንሴቲያ ላይ ሲረጭ የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር ውሃ ከ1 እስከ 1.5 ግራም ንጥረ ነገር ገደማ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ወይም በጠራራ ፀሐይ ሲረጭ የቅጠሉ ዳር ይቢጫል። ተክሉ መቅላት ከጀመረ በኋላ ከተረጨ ደግሞ ቀዩ ቅጠል ሳይሰፋ ይቀራል። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አምራቾች መርጨቱን በጥቅምት አጋማሽ ገደማ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። በ1980ዎቹ የመጣው ፓክሎቡትራዞል ከሁሉም በርትቶ ተገኘ። በወቅቱ መጨረሻ ከሥሩ ሲጠጣ የሚበቃው በአንድ ሊትር ውሃ ከሩብ እስከ አንድ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። አንድ ግራም አንድ ሺህ ሊትር ውሃ ይበቃዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን መድኃኒት በቆርቆሮ ክዳን እየለኩ መስጠት አይቻልም። በአፈርና በዕቃ ላይም ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ዕቃው ሳይታጠብ ለሌላ ችግኝ ከዋለ ያንንም ያሳጥራል። የረዘመን ተክል መግታት ይቻል ይሆናል፤ ከልክ በላይ ያጠረውን መመለስ ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የፖሙ ዓመት

ዳሚኖዛይድ በአበባ ቤት ብቻ አልቀረም። አላር በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በአሜሪካ ለፖም ተፈቀደ። ፍሬው ሳይደርስ እንዳይረግፍ፣ በአንድ ጊዜ እንዲቀላና እንዲጠነክር ያደርጋል። ይሁን እንጂ ፖሙ ለጭማቂ ሲፈላ ከመድኃኒቱ የሚወጣ ሌላ ውሕድ በቤተ ሙከራ እንስሳት ላይ ዕጢ እንደሚያመጣ የሚያመለክቱ ጥናቶች ወጡ። ክርክሩ ለዓመታት ከተጓተተ በኋላ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1989 ሲክስቲ ሚኒትስ የተባለው የቴሌቪዥን ፕሮግራም ጉዳዩን ለሕዝብ አቀረበ። በሰሞኑ እናቶች ጭማቂ ደፉ፣ ትላልቅ ከተሞች ከተማሪዎች ምሳ ላይ ፖም አነሱ፣ ዋጋው ወደቀ። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር አምራቹ ኩባንያ መድኃኒቱን ከምግብ ሰብል ሽያጭ በራሱ ፈቃድ አወጣ። ለአበባ ግን እስከ ዛሬ ይሸጣል።

የአደጋው መጠን ተጋንኗል አልተጋነነም የሚለው ክርክር ቀጥሏል። የማያከራክረው ሌላው ነገር ነው። በዚያን ጊዜ አላር ይጠቀሙ የነበሩት ከፖም ገበሬዎች ጥቂቶቹ ነበሩ፤ ኪሳራው ግን ሁሉንም መታ። ገበሬዎቹ ጉዳታቸውን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አድርገው ገምተዋል። የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ፖም አምራቾች የቴሌቪዥን ጣቢያውን ከሰው በፍርድ ቤት አልተሳካላቸውም። መድኃኒት ያልነካው ፖም በመልኩ ከተረጨው አይለይም፤ ገዢውም በየዛፉ ሥር ሄዶ አይጠይቅም። የየገበሬውን መዝገብ ይዞ «የእኛ አባላት አልረጩም» ብሎ ሊያስረዳ የሚችል አካል በየአካባቢው ቢኖር ኖሮ ጉዳቱ በዚህ መጠን ይደርስ እንደነበር ያጠራጥራል።

ለኢትዮጵያ አምራች ይህ ባዕድ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ማግኘቷን አስታወቀች፤ ግዢውም ክፉኛ አሽቆለቆለ። ለቡና ማሳው ኬሚካል ገዝቶ የማያውቀው ገበሬ በማያውቀው ጉዳይ ተጎዳ። የቅሪቱ ምንጭ ቡናው የታሸገበት ጆንያ ሳይሆን እንደማይቀር ነበር የተነገረው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የወጣው ከዚህ ብዙም ሳይቆይ ነው። እዚህ ላይ ለባለሙያዎችና ለኃላፊዎች የሚጠቅም አንድ ነጥብ አለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የፀረ ተባይ የሥነ ምግባር ደንብ የዕድገት መቆጣጠሪያዎችንም ከፀረ ተባይ ኬሚካሎች ጋር ይቆጥራቸዋል። ተባይ አይገድሉም ተብለው እንደ ማዳበሪያ ያለ ጥንቃቄ መያዝ የለባቸውም።

ወረቀትና ቴርሞሜትር

በፖይንሴቲያ ታሪክ ውስጥ ከኬሚካሉ ይልቅ የሚደንቀው፣ እዚያው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው ሥራ ነው። ሮያል ሃይንስና ጆን ኧርዊን የተባሉ ተመራማሪዎች የተክል ቁመት በቀኑና በሌሊቱ ሙቀት ልዩነት እንደሚወሰን አሳዩ። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ግንዱ ይመዘዛል። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ያጥራል፤ ሌሊቱ ከቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዝ ለማይችል አምራች ጎህ ሲቀድ ሁለት ሦስት ሰዓት ያህል የግሪን ሃውሱን ሙቀት መቀነስ ብቻ ብዙ ሊሠራ እንደሚችል ታወቀ። ተክሉ በብዛት የሚመዘዘው በዚያች ሰዓት ነውና። በዚህ ሕግ መሠረት ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ብርድ የሆነው የኢትዮጵያ ደጋ ፖይንሴቲያን የሚያስመዝዝ የአየር ጠባይ ነው፤ የአጥሩ ቁጥቋጦ ወደ ጣሪያ ከሚገሰግስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሃይንስ ያስተዋወቁት ሁለተኛው ነገር ከዚህም ይቀላል፤ አንድ ወረቀት ነው። አምራቹ ከግርጌው ሳምንታቱን፣ ከጎኑ ቁመቱን ይጽፋል። ተክሉ ዛሬ ያለውን ቁመትና ነጋዴው በመጨረሻ የሚፈልገውን ቁመት ያስቀምጥና በመካከላቸው ሁለት መስመር ያሰምራል፤ አንዱ ከዚህ አይብለጥ፣ ሌላው ከዚህ አይነስ የሚል። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ አይደሉም። ተክል ሲጀምር ቀስ ይላል፣ ከዚያ ይፈጥናል፣ ሲያብብ ይረግባል። አምራቹ በየሳምንቱ ያንኑ የተመረጡ ጥቂት ተክሎች ከዕቃው አፍ ጀምሮ ይለካና በእርሳስ ነጥብ ያኖራል። ነጥቡ በሁለቱ መስመሮች መካከል ካረፈ ምንም አይነካም። ከላይኛው መስመር ካለፈ ያራርቃል፣ ሙቀቱን ያስተካክላል፣ ያም ካልበቃ ይረጫል። ከታች ከሆነም እንዲፈጥን ያደርጋል።

ቀድሞ አምራቹ የሚረጨው የቀን መቁጠሪያ አይቶ ወይም በዓይኑ ገምቶ ነበር። ዓይን ደግሞ ይሳሳታል። በየቀኑ የሚያዩት ተክል መርዘሙ አይታወቅም፤ ሲታወቅ ደግሞ ጊዜው አልፏል። በወረቀቱ ምክንያት ሳያስፈልግ የሚረጨው ቀረ፣ የሚያስፈልገውም በቀጭኑና በጊዜው ሆነ። ወረቀቱ ከተገኘ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬ በኮምፒውተር ይሠራል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

የሚፈለግ በሽታ

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ነበር። የኤኪ ቤተሰብ ተክሎች ለምን ከሌሎች ይልቅ ቅርንጫፍ እንደሚያበዙና ድፍን ብለው እንደሚያድጉ ተፎካካሪዎቻቸው ለብዙ ጊዜ አያውቁም ነበር። ምሥጢሩ ማዳቀል ሳይሆን ቅርንጫፍ የማያበዛውን ተክል ከሚያበዛው ጋር በግንድ ማጣበቅ ነው። ይህ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ጥናት ታትሞ ወጣ፤ ብዙ ተፎካካሪዎችም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ በአሜሪካ እርሻ መሥሪያ ቤት ኢንግ-ሚንግ ሊና ባልደረቦቻቸው በተጣበቀው ግንድ በኩል የሚተላለፈው ነገር ፋይቶፕላዝማ የተባለ ረቂቅ የበሽታ ተሕዋስ መሆኑን አረጋገጡ። በሌሎች ሰብሎች ላይ የሚያመክን ነገር እዚህ ላይ ድፍን ያለ ውብ ተክል ይሰጣል። ከበሽታው የጸዳ ፖይንሴቲያ እንደ ድሮው አንድ ግንድ ይዞ ይመዘዛል፤ ገዢም አያገኝም።

ቁራጮቹ የሚመጡበት ቦታም ተለውጧል። ሥራው የሰው እጅና ሙቀት ስለሚፈልግ ከካሊፎርኒያ ወደ ጓቲማላ፣ በኋላም ወደ አፍሪካ ሄደ። በኢትዮጵያ በቆቃ አካባቢ ካሉ እርሻዎች ፖይንሴቲያን ጨምሮ የልዩ ልዩ አበቦች ሥር ያላወጡ ቁራጮች በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይላካሉ። እዚያ ሥር ይይዛሉ፣ ቁመታቸው ይለካል፣ ለገናም ይደርሳሉ።

ስንዴውና ጤፉ

አበባ አምራቹ በመርጫ የሚሠራውን የእህል ተመራማሪዎች በዘር ውስጥ አስገብተውታል። እ.ኤ.አ. በ1935 በጃፓን የወጣው ኖሪን 10 የተባለ አጭር ስንዴ በ1946 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከዚያም በኖርማን ቦርላግ እጅ ሜክሲኮ ደረሰ። የዓለምን የስንዴ ማሳ የለወጡት አጫጭር ዝርያዎች ዘራቸው ከእርሱ ይመዘዛል። በ1999 ምሥጢሩ ሲታወቅ ነገሩ እንደገና ጂበረሊን ሆነ። ስንዴው ጂበረሊን ይሠራል፣ ነገር ግን የመርዘም ትእዛዙን አይሰማም። በ1966 የወጣው አጭሩ አይአር 8 ሩዝ ደግሞ በቂ ጂበረሊን መሥራት የማይችል መሆኑ በ2002 ታወቀ፤ ሳይኮሴል የሚያደርገውን ዘሩ ራሱ ያደርገዋል ማለት ነው። ሞኙ ችግኝ በታየበት ሰብል ላይ መሆኑ አጋጣሚው ያስደንቃል።

አጫጭሮቹ ስንዴዎች ኢትዮጵያም ገብተዋል። ብዙ ገበሬ የሚያውቀው ኩብሳ ከእነዚሁ ወገን ነው። ሳይጋሽብ ማዳበሪያ ስለሚሸከም በሰፊው ተዘራ፤ በሰፊው በመዘራቱም እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ ሲነሳ ጉዳቱ ሰፊ ሆነ። ቁመትን መግታት ዋግን አያቆምም።

ጤፍ ግን እስካሁን እንደጋሸበ ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው ቁንጮ ምርቱን ቢያሻሽልም ዝናብና ነፋስ ሲበረታበት ይተኛል፤ የተኛ ጤፍ ፍሬው ይሟሽሻል፣ ለማጨድም ያስቸግራል። ተመራማሪዎች ጂበረሊን የሚገቱ መድኃኒቶችን በጤፍ ላይ ሞክረው እንደሚያሳጥሩት አይተዋል። ይሁንና ጥማድ ሁለት ጥማድ ለሚያርስ ገበሬ መድኃኒት መግዛቱ፣ ውሃ መቅዳቱ፣ በትክክለኛው ሳምንት መርጨቱ ሁሉ ወጪ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ዘር አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊዘርላንድ በበርን ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ዘሪሁን ታደለ የሚመሩት ቡድን የተሳተፈበት ጥናት አንድ አጭርና ከሌላው ይልቅ ሳይተኛ የሚቆም ጤፍ አስተዋወቀ። ይህ ጤፍ ያጠረው በጂበረሊን ምክንያት አይደለም። የተለወጠው ለሕዋሳቱ እንደ ቤት ማገር የሚያገለግለውን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል ነው።